ክር ቀጣይ

«የእናትሽ ስም?» አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፤
«ዘነቡ ሙሄ» አልኩት። እስክሪብቶው ቆሟል።
ቀና ብሎ አየኝ፣
ወንበሩን ገፋና ብቻዬን ተወኝ።

ጦሳ በመስኮቱ ጉሙን ደርቦ ቆሟል፣
የሐምሌ ዶፍ ዝናብ ቆርቆሮ ይወቃል፤
ከታች ከመናኸሪያ የረዳት ጩኸት ነው፦
«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!»
ተመልሶ ሲገባ መዝገብ ታቅፎ ነው፣
በሲባጎ የታሰረ፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው።
ሦስት መንግሥት አልፏል፣
ሲባጎው ግን ያው ነው፤ ቋጣሪው ተቀይሯል።

እኛ ቤት ያለፈ አይነሳም ነበር።
እናቴን ስጠይቅ፣ ስለዚያ ጠባሳ፣ ከእግሯ መዳፍ ሥር፣
«ሐረጎ ዳገት ላይ ወድቄ ነው» ትላለች፣
ጨው የጎደለ ይመስል ወጡን ታማስላለች።
እናቴ የደበቀችኝን ይኸው መንግሥት አነበበልኝ፣
ምራቁን በጣቱ እየነካ፣ ገጽ በገጽ ገለጠልኝ።

«ይኼ የማን ጣት ነው?» ከሁሉ ግርጌ ቢጫ ወረቀት፣
የቀለም አሻራ፣ ክብ በክብ፣ እንደ ሽንኩርት።
አያቴ አረቡ ይማም ከኩታበር በእግሯ መጥታ
«ሰማዩ ሳይዘንብ ግብር ከየት ላምጣ፣ ጌታ?»
ብላ አስጽፋለች፣ ለጸሐፊው ስሙኒ ቆጥራ፤
ኅዳጉ ላይ መልሱ፦ «ነገረኛ ናት፤ ትቆይ ታስራ።»
በዚያው ዓመት ነው እናቴን የወለደቻት፣
ደመና በሌለው ሰማይ ሥር ዘነቡ ያለቻት።

ቀጣዩ ገጽ፦ ዕድሜ፣ አሥራ ዘጠኝ። ሥራ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ክር ቀጣይ።
ጥፋት፦ በቀሰም ጉድጓድ የተጠቀለለ ጽሑፍ፣ ከማጉ ሥር፣ የማይታይ።
ፎቶዋን ገፋልኝ። ግራ ቅንድቧን ሰቅላ ካሜራውን ታያለች።
ቀና ስል ቅንድቤን እያየ ነው፤ «እሷው ናት» አለ፣ «ተመልሳለች።»
«ያኔም ዝም ብላ ነበር» አለ፣ «አሥራ አራት ቀን።
ምን እያላችሁ ነው ልጅ የምታሳድጉት? እስኪ ንገሪን።»

ምን ልበለው?
ከፖለቲካ እንደ እሳት እየጠበቀች ነው ያሳደገችኝ።
ዜና ሲጀምር ሬዲዮ ታጠፋለች፣
ሰልፍ ያለ ቀን በሩን ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ትሸጉጣለች።
በዚያው እጇ ደግሞ ከጃኬቴ ገበር ድብቅ ኪስ ትሰፋለች፤
«ለምን?» ስላት፣ «ለሳንቲም» ትላለች።
ከበር ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ፌስታል አለ፣
ሳሙና፣ ካልሲ፣ ነጠላ ጫማ፤ ለማን እንደሆነ ማንም አላለ።
ጫማው በየዓመቱ ይቀየራል።
በእኔ እግር ልክ ያድጋል።

«ዚያዳ» አለ፣ ስሜን ሲያነብ፤ «በላይ በላይ ጨመሩብና!»
ሳቀ። መዝገቡን አሰረ። እኔ ግን ገና...
ገና ስለ ኪሱ እያሰብኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስንቅ ገባ። ዳቦው ቀድሞ ተቆራርጧል፤
እሷ ናት፣ ገብቶኛል፤ ፖሊስ በሳንጃ እንዳይወጋው በልክ በልክ ተቆርጧል።
አዲስ የገባች ልጅ ነገረችኝ፦ ከበሩ ውጪ፣ ከዝናቡ ጋር፣
አንዲት ሴትዮ ሌሎቹን እናቶች ታስተምራለች፣ ስንቅ ማሰር፤
«መረቅ አትላኩ፣ ይደፉታል። ስም ጨርቁ ላይ ጥለፉ» እያለች።
ሐረጎ ላይ ወድቃ ብቻ ይኼን ከየት ታውቃለች?

ሽሮውን በማንኪያ አማስለው ታክቷቸው ትተውታል።
ጨርቁን ማንም አላየ። ቋጠሮው ከእጃቸው አምልጧል፤
ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ በጣት ቢዳስሱት የማይሰማ፣
ማሽኑ ሳይቆም የተበጠሰ ክር የሚቀጠልበት፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል፣ በጨለማ።

ፈታሁት። መልሼ ልቋጥረው ስል ከሰዓት በኋላው አለቀ።
ባዶው ሳህን ተጠቅልሎ ወጣ፤ በሩ ተከረቸመ፤ ዝናቡ አልደረቀ።
ከውጪ አሁን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰችው ነው፣ አውቃለሁ።
ላልቷል። አልጠበቀም።
ነገ ሌላ ትልክልኛለች።